ለጥምቀት መጥተው ራስ ደጀን ላይ በረዶ ማየት ለሚፈልጉት ጠያቂ

ጤና ይስጥልኝ። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶችዎን ለጥምቀት ጎንደር ካመጡ በኋላ ወደ ሰሜን ተራሮች ወስደው በረዶ ሊያሳዩአቸው እንዳሰቡ፣ በስልክ ያዩት ነጭ የለበሰ ተራራም እውነት መሆኑንና ልጆቹ በሸርተቴ ሊጫወቱበት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ እዚሁ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁና እንግዳ ይዤ ደጋግሜ ወደዚያ የወጣሁ ስለሆንኩ፣ ቤተሰባችን ላይ የደረሰው በእርስዎ እንዳይደርስ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

1. በጥር በረዶ አይጠብቁ። ያዩት ቪዲዮ እውነተኛ ከሆነ በክረምት የተቀረጸ መሆን አለበት። እኛ ዘንድ ዝናቡና ከባዱ ብርድ በአንድ ወቅት አይመጡም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ሲኖር ደመናው የምድሩን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር፣ ከላይ የሚወርደው በአብዛኛው ዝናብና የበረዶ ጠጠር ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ብቻ በራስ ደጀንና በቧሂት አናት ላይ አመዳይ (ለስላሳው ነጭ በረዶ) ይጥላል፤ እሱም ፀሐይ ሲያገኘው ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ነገር ግን በረዶ ሆኖ የሚወርድ እርጥበት የለም። በጥር የሚያገኙት ውርጭ ነው። ሌሊቱን የጓሳው ሣር ጫፉ ነጥቶ ያድራል፤ የጅረቱም ዳር ስስ መስታወት ለብሶ ይገኛል። ይህን ማየት የፈለገ ፀሐይ ሳትደርስበት መነሣት አለበት፤ ረፋዱ ላይ አንዱም አይገኝም።

አንዳንድ አስጎብኚዎች አንድ የአክሱም ንጉሥ በጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ በአዱሊስ ያስቀረጸውን፣ ኮስማስ የተባለውም ተጓዥ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገለበጠውን የግሪክኛ ጽሑፍ እየጠቀሱ፣ የሰሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳላቸው ይነግሩዎታል። ጽሑፉ በእርግጥ እንደዚያ ይላል። በጥንቱ የበረዶ ዘመንም ቧሂትን የመሰሉት ከፍታዎች የበረዶ ግግር ነበራቸው። ዛሬ ግን 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በራስ ደጀን ላይ እንኳ ከርሞ የሚቆይ በረዶ የለም፤ ለዛሬ እንግዳ የጥንቱን በረዶ መሸጥ ነውር ነው።

2. ሸርተቴውን ይርሱት። ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የወከለው ሮቤል ተክለማርያም እንኳ አገር ቤት ሲለማመድ ጎማ በተገጠመለት ሸርተቴ በአስፋልት ላይ ነበር። ልጆቹ በአፍሪካ ምድር መንሸራተት ከፈለጉ በሞሮኮና በሌሶቶ የሸርተቴ ቦታዎች አሉ፤ በሞሮኮ ከማራኬሽ ብዙ የማይርቀው ኡካይመደን፣ በሌሶቶ ደግሞ ወቅቱ በእኛ ክረምት ላይ የሚውለው አፍሪስኪ አለ።

3. ስለ ልብስና ስለ ማደሪያ፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የአጎቴ ልጅ እንደ እርስዎ ሁሉ ልጆቹን ለጥምቀት ሲያመጣ፣ ገና ከውጭ ሳለ አንድ ጉዞ አዘጋጅ «ጥር ዋናው የበረዶ ወር ነው» ብሎት ለበረዶ ልዩ ልብስ ተጨማሪ ገንዘብ አስከፍሎት ነበር። ልዩ ልብስ የተባለው የላስቲክ ቦቲና የዝናብ ካፖርት ሆኖ ተገኘ። በደረቅ ወር ቦቲ ምን ይሠራል? ሌሊት ያስፈለገን ስሊፒንግ ባግ ደግሞ እርጥበት የሸተተና ዚፑ ከወገብ በላይ አልዘጋ ያለ ነበር። ሹፌሩም በተነገረው መሠረት ከጎንደር ተነሥቶ በቀጥታ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ካለው የድንኳን ማደሪያ ከጨነቅ አደረሰን። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ፣ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ መሆኑን ያስቡት። ማታ ልጆቹ ራሳቸውን ይዘው ተኙ፤ ትንሿ እራቷን አስመለሰች። ሌሊቱን እኔና አባታቸው ጋቢያችንን ለልጆቹ ደረብን፤ የፈላ ውሃ በኮዳ ሞልቼ፣ በካልሲ ጠቅልዬ በየእግራቸው ሥር አስገባሁ፤ እስኪነጋም አልተኛሁም። ሲነጋ የድንኳኑ ጣሪያ ከትንፋሻችን በተሠራ ውርጭ ተሸፍኖ፣ ስንነካው በፊታችን ላይ ይረግፍ ነበር። በጀሪካኑ ውስጥ ያለውም ውሃ ከላዩ ረግቶ አደረ። የእኔን ምክር ሰምተው በማግሥቱ ዝቅ ብሎ ወዳለው ማደሪያ ወደ ሳንቃ በር ባንወርድ ኖሮ የልጆቹ ሕመም ይብስባቸው ነበር። እዚያ ካረፉ በኋላ ጭላዳዎቹን ከአጠገባቸው እያዩ በደስታ ዋሉ፤ ይህን ዛሬም በኩራት እናገራለሁ።

ተመልሰን ገንዘቡን ስንጠይቅ የቢሮው ሰው ከስልኩ ቀና ሳይል «ደረሰኙ ላይ በረዶ የሚል አልተጻፈም» አለን። በእርግጥም የተጻፈው «ሙሉ የተራራ አገልግሎት» የሚል ብቻ ነበር። ከሩቅ አገር ለመጣ፣ ልጆቹ ለታመሙበት እንግዳ እንዲህ ተብሎ አይመለስለትም፤ የጎንደርም ወግ አይደለም። አንድ ሳንቲም አልመለሱም።

ስለዚህ እርስዎ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ስሊፒንግ ባጉን ዘርግተው ዚፑን እስከ አንገት ይዝጉት፣ ውስጡንም በእጅዎ ዳብሰው ደረቅ መሆኑን ያረጋግጡ። የሚከራዩት ዕቃ ዓይነቱና ብዛቱ፣ የሚያድሩበትም ቦታ በየሌሊቱ ደረሰኙ ላይ በስም ይጻፍ። የመጀመሪያውን ሌሊት ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በደባርቅ ይደሩ፤ የፓርኩን የመግቢያ ክፍያም እዚያው ይጨርሳሉ። ሁለተኛውን በሳንቃ በር ካደሩ በኋላ ልጆቹ ራስ ምታት ከሌላቸው ብቻ ወደ ጨነቅ ይለፉ። ከመነሣትዎ በፊት ደባርቅ ላለ ሰው ደውለው የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ። ለልጆቹ የሱፍ ኮፍያና ጓንት፣ ለእያንዳንዱም ሰው አንድ ወፍራም ጋቢ ይያዙ፤ የጥር አየር ደረቅ ስለሆነ ጋቢ አያሳፍርም። ቀን ግን ፀሐዩ ፊት ይልጣልና የፀሐይ ቅባትና ባርኔጣ አይርሱ።

የግድ ነጭ ተራራ ማየት አለብን ካሉ በነሐሴ ይምጡ፤ ያን ጊዜም በረዶው በዕድል ነው፤ ጭጋጉና ጭቃው ግን እርግጥ ነው፤ ገደሉንም ለቀናት ላያዩት ይችላሉ። ከልጆች ጋር ከሆኑ እኔ ጥርን እመርጥልዎታለሁ።