የላቫጆውን ውሃ የት ላድርገው ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ያልሽው እንዲህ ነው፦ ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ሰፈር በሁለት ማሽን ላቫጆ ልትከፍቺ ነው፣ ጎን ለጎን የሆቴል ምንጣፍ ታጥቢያለሽ፣ ውሃውን መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ብትለቂው ችግር አለው ወይ። ሳሙናውም «ተፈጥሯዊ ነው» ተብለሻል።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ዘጠኝ ዓመት መኪና አጥቤያለሁ፣ አሳጥቤያለሁም። ስጀምር እኔም ያው ነበርኩ። አንቺ ጠየቅሽ፣ እኔ ግን ዝም ብዬ ለቀቅኩት።

ቦዩ የተሠራው ለዝናብ ነው። መሃል ላይ የሚያጣራ ነገር የለውም። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ባልዲ የኦሞ ውሃ ደፋሁና በእግሬ ተከተልኩት። መንገድ ላይ ወዳጄ አግኝቶኝ ሰላምታ ስንለዋወጥ ትንሽ ቆየሁ። ሐይቁ ዳር ስደርስ አረፋው ቀድሞኝ ደንገሉ ሥር ተሰብስቧል። ከአረፋው አጠገብ ቀስተ ደመና የመሰለ ዘይት ተንሳፍፏል። ትናንት ያጠብነው የአይሱዙ ሞተር ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ጣና ሰፊ ነው ምን ይሆናል ይባላል። ሰፊስ ሰፊ ነው። ግን ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ቆሮሶ ዓሣ የሚራባው ደግሞ ዳር ዳሩን ነው፣ የኛ ውሃ የሚገባበት ቦታ ማለት ነው። «ተፈጥሯዊ» የሚባለው ሳሙናም ቢሆን እስኪበሰብስ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሲበሰብስም የውሃውን ኦክስጅን ይበላል። ፎስፌት ካለበት ደግሞ ለእምቦጭ ማዳበሪያ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው ከ2004 አካባቢ ጀምሮ ነው። ከእርሻ የሚመጣው ማዳበሪያ እንደሚበዛ አውቃለሁ። የሳሙናው ድርሻ ግን የኛ ነው።

እና ምን ይደረግ? መጀመሪያ በደረቁ ሥሪ። ጭቃውን በአካፋና በመጥረጊያ አውርጂ። ዘይት የፈሰሰበት ወለል ላይ ሰጋቱራ በትኚ፣ ይምጠጥ፣ ከዚያ ጥረጊው። ሞተር ከመታጠቡ በፊት በጨርቅ ይወልወል። ልጆቹ ይሄን አይወዱትም፣ ማሽኑን ማስጮህ ነው የሚቀላቸው። ግን ያልቆሸሸን ውሃ ማጣራት አያስፈልግሽም። በናፍታ ሞተር ማጠብን ከመጀመሪያው ቀን ከልክዪ። ደንበኛ ያኮርፋል፣ ያኩርፍ።

ቀጥሎ ፖዜቶ፣ ቆሻሻ ውሃው የሚገባበት ጉድጓድ ማለቴ ነው። የኔ በብሎኬት የተሠራና በደንብ የተለሰነ ባለ ሦስት ክፍል ነው። አንደኛው ላይ አሸዋና ጭቃ ይዘቅጣል። ሁለተኛው ላይ ዘይቱ ይንሳፈፋል። ሦስተኛው ላይ ጠራ ያለው ይጠራቀማል። ቁልፉ ያለው ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሻግረው ቱቦ ላይ ነው። ጎሚቶ፣ ማለትም የታጠፈ መገጣጠሚያ፣ ገጥመሽ አፉን ወደ ታች አድርጊው፣ ከሥር ካለው ውሃ እንዲወስድ። የኔ ቧንቧ ሠራተኛ ቀጥ ያለ ቱቦ አስገብቶ ስድስት ወር ሙሉ ዘይቱ ከላይ ከላይ እያለፈ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ እስካየሁ ድረስ ፖዜቶ አለኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። ሳሙና ሲበዛ ዘይቱ አይንሳፈፍም። ከውሃው ጋር ወተት መስሎ ተዋህዶ ሦስቱንም ክፍል ያልፋል። ስለዚህ ሳሙና በልክ ይሁን፣ ጆክ ስጫቸው፣ በእጅ አይበትኑ። የሟሟውን ሳሙና ደግሞ ፖዜቶ አያስቀረውም። እኔ ከሦስተኛው ክፍል የሚወጣውን የጭነት መኪና እግር ለመጀመሪያ ዙር አጥብበታለሁ። የተረፈው ዝግ ታንከር ውስጥ ይጠራቀምና መጣጭ መኪና ይወስደዋል። ዋጋው ያማል፣ ግን ውሃ ደግመሽ ስትጠቀሚ የቢሉ ነገር ይክስሻል። ከላይ የተቀዳውን ዘይት በጀሪካን ለሚሰበስቡ ሰዎች ስጪ። እንጨት ለመቀባት የሚጠይቅ ጎረቤት ይመጣል፣ ዝናብ ሲያጥበው ያው ቦዩ ውስጥ ነው።

ክረምት ሳይገባ ማጠቢያው ላይ ቆርቆሮ አልብሺ፣ ዙሪያውን ዝቅ ያለ የሲሚንቶ እርከን አሠሪ። እኔ ይህን ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። አንድ ሐምሌ ሌሊት ዝናቡ ፖዜቶውን ሞልቶ የሦስት ወር ዘይት በግቢው በር ወጣ። ጠዋት ጎረቤቶች በራፌ ላይ ተሰብስበው ነበር፣ ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም።

የምንጣፍ ውሃ ቀላል ነው። ሆቴሉ ሴፕቲክ ካለው የሽንት ቤት መስመር ውስጥ ይደፋ፣ ግቢው ሣር ላይ አይደለም። በረኪና ግን አታብዢ፣ ሴፕቲክ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያበሰብሱትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

ሕግም አለ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995። የበከለ ያጸዳል ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል ይላል።

ወለሉ ከመፍሰሱ በፊት የቦታውን ፎቶ ላኪልኝ። ወዴት እንደሚያዘነብል ካየሁ ፖዜቶው የት እንደሚቆፈር እነግርሻለሁ።