ወረቀቱንና ሽጉጡን በአንድ ወገን አትያዝ

ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ ኬላ ላይ ፖሊስ ሲያስቆመኝ ሽጉጡን አውጥቼ ላሳየው ወይስ ዝም ልበል?» ብለህ ስትጠይቀኝ በችኮላ መልሼልህ ሄድኩ። ጥያቄህ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ ነሥቶኛል። መልሱ ከብዶኝ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የባቲ ገበያተኛ ይህንኑ የሚነግረው ሰው በማጣቱ ስለቆሰለ ነው።

ሰውየው ሰኞ ገበያ ውሎ፣ ሁለት ፍየል ሽጦ፣ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሲመለስ መሸበት። ሽርጥ ታጥቆ ከላይ ኩታ ደርቧል። ሽጉጡ በኩታው ሥር በቀኝ ወገቡ ነው። ፈቃዱም በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከፍየሎቹ ዋጋ ጋር እዚያው ከሽጉጡ ጎን ተወትፏል። ሌባ እንዳይነካበት ውድ ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ ማድረጉ ነበር። ኬላው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲወርድ ታዘዘ። የሚፈትሸው ፖሊስ ልጅ እግር ነው፤ በግራ እጁ ባትሪ፣ በቀኙ ጠመንጃ ይዟል። «መሣሪያ የያዘ አለ?» አለ። ሰውየው ሐቀኛ ነውና «እኔ ይዣለሁ» አለ። «ፈቃድህን አምጣ!» አለው።

ሰውየውም እንደታዘዘው እጁን ኩታው ውስጥ ከተተ። ላስቲኩ ግን በሽጉጡ እጀታ ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ ሁለቱ አንድ ላይ ተጎትተው ወጡ። ባትሪው ያበራው ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ ነው። አንድ ጥይት ተተኮሰ፤ የሰውየውን ክንድ በስቶ አለፈ። መሬት ላይ ወድቆም «ፈቃድ አለኝ እኮ፣ ፈቃድ አለኝ» ይል ነበር። ነበረውም። ማኅተሙ አልደበዘዘ፣ ቁጥሩ ከሽጉጡ ቁጥር ጋር ይገጥማል። ፖሊሱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያቆሰለው ትእዛዙን እየፈጸመ የነበረን ሰው መሆኑ ሲገባው እጁ እየተንቀጠቀጠ የገዛ መቀነቱን ፈትቶ ቁስሉን ያሰረለት እሱ ነው።

ዛሬም የሚቆጨኝ ይህ ነው። ያኔ እኔም የመሣሪያ ፈቃድ ከሚሰጡት አንዱ ነበርኩ፤ ፈቃድ ስንሰጥ የባለመሣሪያውን ስም፣ የመሣሪያውን ዓይነትና ቁጥር አጣርተን እንጽፍ ነበር። ወረቀቱን የት እንደሚይዘው ግን አንነግረውም። ግማሽ ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ ቃል ነበር።

ስለዚህ ለጥያቄህ፦ አታውጣ፤ ዝምም አትበል። ፖሊስ የሚያየው እጅህን ነው፤ እጅህ ከመንቀሳቀሱ በፊት አፍህ ይቅደም። «አለቃ፣ ፈቃድ ያለው መሣሪያ ይዣለሁ። በቀኝ ወገቤ ነው። ወረቀቱ በግራ ደረት ኪሴ ነው። ላውጣው?» በለው። እስኪፈቅድልህ እጅህ ባዶውን፣ መዳፍህ ተከፍቶ፣ በደረትህ ቁመት ይቆይ። ተቻኩሎ «አምጣ!» ቢልህ እንኳ አንዴ ድገምለት፤ «እጄን ኪሴ ላስገባ?» በለው። ይህን ብሎ ጉዳት የደረሰበት ሰው አላየሁም። ሽጉጡን ራሱ ከፈለገ እሱ ይንቀለው፤ አንተ እጀታውን አትንካ።

ደጋ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ወረኢሉና ደላንታ ብርዱ ሲጠና ሰው ሁለት እጁን ጋቢ ውስጥ ከቶ ነው የሚሄደው። መሣሪያ ባይኖርህም ኬላ ስትቀርብ፣ ሃያ እርምጃ ሲቀርህ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻህ መልሰህ እጆችህን አውጣ። በትከሻው ዱላ የተሸከመ እረኛ በድንግዝግዝ ጠመንጃ ያነገተ ይመስላልና ዱላህንም ወደ መሬት አውርደው። ሦስት አራት ሆናችሁ ከሆነ ጎን ለጎን ቁሙ፣ አንዱ ይናገር። ከመካከላችሁ ወደ ፖሊሱ ጀርባ የሚዞር አይኑር። ባለመኪና ከሆንክ ሞተር አጥፋ፣ የውስጡን መብራት አብራ፣ እጅህን መሪው ላይ አድርግ።

ክላሽ ለያዘ ነገሩ ይለያል። ክላሽ አይደበቅምና እዚያ ጣጣው ጥይቱ ነው። ብዙ ሰው ኬላ ሲያይ ይጨነቅና፣ በቅን ልቡ፣ ጠመንጃውን ባዶ ለማድረግ እዚያው ይጀምራል። ይህ ያስገድላል። በጨለማ የሚያጎርስና የሚያራግፍ ሰው በጆሮ አይለይም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀጭታ ነው የሚያሰሙት። የክላሽን ጠባይ ደግሞ እወቅ። በቀኝ ጎኑ ያለው ረጅሙ መቆለፊያ ወደ ላይ ተዘግቶ ሳለ ማቀባበያው፣ ማለት ጥይት ለማጉረስና ለማውጣት የሚሳበው ብረት፣ እስከ መጨረሻው አይሳብም። የጎረሰውን ጥይት ለማውጣት መጀመሪያ መቆለፊያውን ማውረድ ግድ ነው። መካከል ላይ ከቆመ በተከታታይ የሚተኩስበት ነውና እስከ ታች አውርደው።

ይህን ሁሉ መሥራት ያለብህ መኪና ከመሳፈርህ በፊት፣ አፈሙዙን ወደ ለስላሳ አፈር አዙረህ፣ ጣትህን ከምላጩ አርቀህ ነው። መጀመሪያ ካዝናውን፣ ማለት የጥይቱን መያዣ፣ ንቀል። ከዚያ መቆለፊያውን አውርድ፣ ማቀባበያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ፣ ውስጡን በዓይንህ እይ፣ ጨለማ ከሆነ በትንሿ ጣትህ ዳብስ። ከዚያ መቆለፊያውን ወደ ላይ መልስ። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጠውና ካዝናው ሳይነቀል ብትስብ፣ አንዱ ጥይት ተፈናጥሮ ሲወጣ ሌላው ይጎርሳል። ኋላ ካዝናውን ነቅለህ «ባዶ ነው» ትላለህ፤ አንድ ጥይት ግን ውስጡ ተቀምጧል። በየሠርጉና በየለቅሶው ሰው የሚጎዳው አንድም በዚህ ነው። ወደ ሰማይ የሚተኮሰውስ የት የሚወርድ ይመስላችኋል?

ባዶውን ያዝ አልኩህ እንጂ፣ ሌሊት በቆላ ከብት የሚጠብቅ ሰው ባዶ ጠመንጃ ይዞ ምን ይሠራል ብትለኝ መልስ የለኝም። እንዲያ ከሆነ ሳትጠየቅ «ጎርሷል» ብለህ ንገረው፤ ራስህ ለማራገፍ ግን አትሞክር። አውርደው ከተባልክ በግራ እጅህ ማንገቻውን ብቻ ይዘህ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት፣ ቀስ ብለህ አስቀምጥና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂድ።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ስልክ ላይ የምትለጥፉት ፎቶ ሁሉ ጣት ምላጭ ላይ ነው። ጣት የለመደውን አይረሳም፤ ስትደነግጥ እዚያው ነው የሚሄደው። ደግሞ እላለሁ፣ እናንተ ቢያንስ ትጠይቃላችሁ፤ የእኛ ዘመን ሰው አፍሮ አይጠይቅም ነበር።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን ከፈቃድ ጋር አስሮታል። ፈቃድ ከሌለህ ከላይ ያልኩት ሕይወትህን ያድናል እንጂ ከክስ አያድንህም። ፈቃድ እያለህ ያለ አግባብ ተወሰደብኝ ካልክ እዚያ ኬላ ላይ አትከራከር። የመሣሪያውን ቁጥር በቃልህ ያዝ፣ መሣሪያውን ስለመረከባቸው ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት በትሕትና ጠይቅ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያዝ፣ አብሮህ የነበረውን ሰው ምስክር አድርግ። ከታሰርክም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ምክንያቱ በሚገባህ ቋንቋ እንዲነገርህና፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንድትቀርብ ያዛል። ዝም የማለት መብትም አለህ። ሽማግሌውም፣ በወሎ ሰው የሚያስታርቀው አበጋርም፣ ዳኛውም ነገ ይደረስባቸዋል።

አሁን ተነሥተህ ፈቃድህን ከሽጉጡ ጎን አንሣውና በግራ ደረትህ ኪስ አድርገው። እጀ ጠባብህ የደረት ኪስ ከሌለው ገበያ ወስደህ አሰፋ፤ ልብስ ሰፊው ቁመህ እየጠበቅኸው ይጨርስልሃል።