ሕፃኑ ሲያስለው፦ ጥያቄና መልስ ከሲስተር ጋር

ሲስተር፦ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ ጉንፋን፣ ስለ አር.ኤስ.ቪ. (የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው) እና ስለ መሰሎቻቸው ጠይቁ። የልጁን ዕድሜ መጻፍ እንዳትረሱ።

የ4 ወር እናት፦ ሲስተር፣ ልጄን ከትናንት ጀምሮ ንፍጥና ሳል ይዞታል። ተራ ጉንፋን መሆኑን በምን ልወቅ?

ሲስተር፦ ስሙን ተዪውና ትንፋሹን እይ። አር.ኤስ.ቪ.ም ሲጀምር ጉንፋን ነው የሚመስለው። 2 ዓመት እስኪሞላቸው የማይይዛቸው ልጆች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም እቤታቸው ይድናሉ። የሚያሰጋው ወደ ታች ወርዶ ትንንሾቹን የሳንባ ቱቦዎች ሲያሳብጥና በአክታ ሲደፍን ነው። ብዙ ጊዜ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይብስበታል። ስለዚህ «ዛሬ ደህና ነው» ብለሽ አትዘናጊ።

አሁን ልብሱን ገልጠሽ ደረቱንና ሆዱን እይ። ሲያለቅስ ወይም ሲጠባ አትቁጠሪ፤ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ይሁን። ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያልሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የለም! የሕፃን ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ሐኪም ይየው። ቁጥሩ ባይሞላም ከጎድኑ ሥር ያለው ቦታ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ከተርገበገበ ወይም በየትንፋሹ ካቃሰተ ይዘሽው ሂጂ። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሹ ቆም ቆም ካለ ድንገተኛ ነው።

አዲስ አባት፦ ልጄ ያስለዋል። ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ ዕድሜው? ስንት ቆጠርክ? ከላይ አንብብ።

የመንታ እናት፦ ካለፈው የተረፈ አንቲባዮቲክ ቤት አለ። ልስጣቸው?

ሲስተር፦ አይሆንም። ቫይረስ ላይ አይሠራም።

የመንታ እናት፦ ለሳሉ ማርስ? 8 ወራቸው ነው።

ሲስተር፦ 1 ዓመት ሳይሞላቸው ማር በፍጹም! ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። አፍንጫቸው ተደፍኖ መጥባት ካቃታቸው ከመጥባታቸው በፊት ለሕፃን የተዘጋጀ የጨው ውሃ ጠብ አድርገሽ ንፍጡን ሳቢ። ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ይጥቡ። ከለመዱት ግማሹን እንኳ ካልጠቡ፣ ወይም ዳይፐራቸው 12 ሰዓት ደረቅ ከሆነ ሐኪም ቤት።

አያት፦ እኛ ልጆቻችንን እየሳምን ነው ያሳደግነው። አሁን አትሳሙ ይሉናል። ምን ሆኑ ታዲያ?

ጎረቤት፦ እማማ፣ ጉንፋን ይዞዎት ባይስሙትስ?

አያት፦ አንተ ደግሞ በረንዳ ላይ ስታጨስ ቆይተህ ገብተህ ታቅፈው የለ!

ጎረቤት፦ ውጭ ነው እኮ የማጨሰው…

ሲስተር፦ ጭሱ በልብስህ ተከትሎህ ይገባል። እማማ፣ እርስዎን አፍንጫ ብቻ የሚያስጠርግ ቫይረስ እሱን ሆስፒታል ሊያስተኛው ይችላል። እስኪሻልዎት አይሳሙት። የሚያቅፈው ሁሉ እጁን በሳሙና 20 ሰከንድ ይታጠብ። ቫይረሱ መጫወቻና የበር እጀታ ላይ ለሰዓታት ይቆያል። አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ነፍሰ ጡር፦ ለአር.ኤስ.ቪ. ክትባት አለው ይባላል፤ እውነት ነው?

ሲስተር፦ አዎ። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው በ2023 እ.ኤ.አ. ጸደቀ፤ እናትየው የምትሠራው መከላከያ በእትብት በኩል ወደ ልጁ ያልፋል። ሌላው ኒርሴቪማብ ነው፤ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ለሕፃኑ በመርፌ ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ይበቃል። በስንተኛው ሳምንት እንደሚሰጥ ከአገር አገር ስለሚለያይ ክትትል የምታደርጊበት ቦታ ጠይቂ።

የ4 ወር እናት፦ ቆጠርኩ፣ 38 ነው። ትኩሳትም የለውም። ደህና ነው ማለት ነው?

ሲስተር፦ 38 ጥሩ ነው፤ ማታም ነገም ቁጠሪ። ትኩሳት አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም። በተለይ ጨቅላዎችና ያለጊዜያቸው የተወለዱት ሳያተኩሳቸው ሊጠናባቸው ይችላል። ከ3 ወር በታች ደግሞ 38 ዲግሪ ከገባ ቁጥርም አትጠብቁ፤ ሐኪም ቤት።

አዲስ አባት፦ 5 ወሩ ነው። በግማሽ ደቂቃ 24።

ሲስተር፦ ሙሉ አንድ ደቂቃ አልኩ!

አዲስ አባት፦ እሺ… 57።

ሲስተር፦ ከጎድኑ ሥርስ?

አዲስ አባት፦ ገባ ገባ ይላል።

ሲስተር፦ ታዲያ እዚህ ምን ትጽፋለህ? ይዘኸው ውጣ፣ አሁን!