ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤት ልከራይ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ ዝግጅት ክፍሎች፣ እኔ ኮምቦልቻ ነበር የምሰራው አሁን ደሴ ልዛወር ነው፣ ደላላው ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ክፍል አግኝቶልኛል ዋጋውም ከሌላው ሰፈር ይረክሳል። አክስቴ ግን "እዛማ ሌባ ነው የሚበዛው" ብለው እንቅልፍ ነሱኝ። ከስራ የምወጣው ማታ 1 ሰአት ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ስንት ስርቆት እንዳለ ልጠይቅ?
ግራ የገባት ነኝ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። አክስትሽ አልዋሹም ግን የገበያውን ሌባና የሰፈሩን ሌባ አንድ ላይ ቆጥረውብሻል። ሰኞ ሰኞ ከገጠሩም ከሌላ ሰፈርም ስንት ሰው ነው እዛ የሚተራመሰው፣ ኪስ አውላቂ ደግሞ ግፊያ ያለበት ነው የሚሄደው። በግ ሊሸጥ ከሀይቅ ከተማ የመጣ ሰውዬ ብሩን ቢወስዱበት የሚጻፈው በገበያው ሰፈር ነው፣ ያ ቁጥር ለነዋሪው ሲካፈል ሰፈሩ የሌባ መንደር ይመስላል፣ ሰውዬው ግን አንድ ቀን እዛ አላደረም! መናኸሪያ ያለበት ሰፈርም እንደዛው ነው። በዛ ላይ ሰው ስለ ዝርፊያ ሲያወራ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር በጦርነቱ ከተማው ተይዞ በነበረ ጊዜ የተዘረፈውን ከዛሬ ስልክ ነጠቃ ጋር ደባልቆ ነው የሚነግርሽ።

ጣቢያ መጠየቁ አይከፋም፣ ግን ጠቅላላውን ቁጥር አትጠይቂ። ስልኩ የተነጠቀ ሰው ብዙውን ጊዜ አያመለክትም፣ እኔም የተነጠቅኩ ጊዜ የስልኩ መለያ ቁጥር ያለበትን ካርቶን የት እንደጣልኩት ጠፍቶብኝ ተውኩት። በር ተሰብሮበት ቴሌቪዥኑ የሄደበት ሰው ግን ያመለክታል፣ ስለዚህ "ማታ ቤት ሰበራ አለ ወይ" ብለሽ ጠይቂ።

ከዛ ራስሽ ሂጂና እዪ። በቀን ከደላላ ጋር አይደለም፣ ማታ 1 ሰአት ከጓደኛሽ ጋር፣ ባጃጅ ከሚያወርድሽ ቦታ እስከ በሩ በእግርሽ። መብራት አለ? እስከ ስንት ሰአት ክፍት የሆነ ሱቅ አለ? ባለሱቁን ሻይ ቅጠል ግዢና ወሬ ጀምሪ፣ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። የሰፈሩን ቅሬም፣ እድሩን ማለቴ ነው፣ ጠይቂ። እኛ ወሎዎች ቅሬ የምንለው ለቀብር ብቻ አይደለም፣ ጎረቤት ሲጣላ ያስታርቃል፣ እጁ የማያርፍ ልጅ ካለም ቤተሰቡን ጠርቶ ይመክራል፣ ከቅሬ መገለልን ደግሞ ማንም አይፈልግም። ቅሬው የሚሰበሰብ ሰፈር ላይ አዲስ ተከራይ ሳይታወቅ አይቀርም፣ ያ ለአንቺ ጥሩ ነው።

ስለ ቤቱ ባጭሩ፣ ውሃ በፈረቃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ሌሎቹን ተከራዮች ጠይቂ አከራይዋን አይደለም። ግቢው ተዳፋት ላይ ከሆነ ከኋላው ያለውን ድጋፍ ግንብ እዪ፣ ደሴ ክረምት ላይ መሬት ይንሸራተታል። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር በላይ ካሉሽ በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ይከለክላል፣ ደሴ ላይ የሚሰራ መሆኑን ቀበሌ አጣሪና ንገሪያቸው፣ ውሉም በጽሑፍ ይሁን።

ሽንት ቤቱ ከክፍልሽ ምን ያህል እንደሚርቅም እዪ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ እኔን ከድሮ ሰፈሬ ያስለቀቀኝ ሌባ ሳይሆን ሌሊት 9 ሰአት በዛ ብርድ ግቢ ማቋረጥ ነው።