ጋቢዬን ለዳክዬ አለበሱብኝ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ከቡና ጋር ነው የማነበው፤ እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ትናንት ጠዋት ጋቢዬን ሳየው ትዕግሥቴ አለቀ።

የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ባለቤቴ ስድስት የዳክዬ ጫጩት በካርቶን ይዞ መጣ። የሥራ ባልደረባው ነው የሰጠው፤ ከተፈለፈሉ ገና ሦስት ቀናቸው ነበር። ዳክዬ አሳድጌ አላውቅም። ግን ቪዲዮ አየሁ፣ የዶሮ ጫጩት መኖ ገዛሁ፣ የፕላስቲክ ውሃ ማጠጫ ገዛሁ፣ ካርቶኑ ላይ አምፖል አንጠለጠልኩ። ልጄ በደስታ ሊያብድ ነበር።

ችግሩ አማቴ ናቸው። አባባ ካረፉ ጀምሮ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ስምንት ወር ሆናቸው። መጀመሪያ «የማይበላ ነገር ምን ያደርግላችኋል?» ብለው አሾፉ። እውነትም በእኛ ቤት ዳክዬ አይበላም። ታዲያ ካሾፉ በኋላ ዝም አይሉም? በማግሥቱ በገንዘቤ የገዛሁትን ማጠጫ አሽቀንጥረው የተሸረፈ ጣባ አስቀመጡ፣ ድንጋይ ደርድረውበት። ያነጠፍኩትን ጋዜጣ አውጥተው ጭድ ሞሉበት። ቤቴ ጭድ በጭድ ሆነ። ቀን ቀን ደግሞ በረንዳ ላይ ዱላ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ጭልፊት ባዩ ቁጥር ይጮኻሉ። አባ ኮዳ የሚሉት ትልቁ አሞራ አጥራችን ላይ ያረፈ ቀንማ ጎረቤቱ በሙሉ ምን መጣ ብሎ ወጣ።

ውሃ ውስጥ እንዳላስገባቸውም ከለከሉኝ። ዳክዬን! በአምስተኛው ቀን ለቅሶ ብለው ይርጋለም ሄደው አደሩ። እኔም ነፃነት አገኘሁ ብዬ ወደ አመሻሹ ላይ ሳፋ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ አድርጌ ለቀቅኳቸው። ሲዋኙ ቢያዩ! ልጄ ቪዲዮ ቀረጻቸው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር መሰለኝ፣ ጠዋት ሁለቱ ሞተው አገኘናቸው። አማቴ ሲመለሱ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ካርቶኑን አዩና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ዝምታቸው ከስድብ ይከፋል።

ጋቢው ደግሞ እናቴ ለሠርጌ በእጇ የፈተለችልኝ ነው። ሌሊት መብራት በጠፋ ቁጥር አማቴ ጫጩቶቹን አውጥተው በእሱ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ያስተኟቸዋል። ጠዋት ኩስ በኩስ ሆኖ አገኘዋለሁ። አንዴ አጠብኩ፣ ሁለቴ አጠብኩ። የትናንቱ ሦስተኛ ነው። ለባለቤቴ ስነግረው «እናቴ ናት፣ ቻያት» ይለኛል።

ሰሞኑን ከአራቱ አንዷ ትንሽ ትራመድና ቁጭ ትላለች፣ ጉልበቷም ያበጠ ይመስላል። ያው ትድናለች። ልጠይቅዎ የፈለግኩት ግን ሌላ ነው። ዳክዬዎቹን ለሰው ሰጥቼ ሰላሜን ላግኝ? ወይስ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አማቴ አዲስ አበባ ወዳለው ትልቁ ልጃቸው እንዲሄዱ ባለቤቴን ልንገረው?

ጋቢዬ የተበላሸብኝ፣ ከሐዋሳ

*

ልጄ፣ መብራቱ «ጠፍቶ ነበር መሰለኝ» ብለሻል። ተኝተሽ ነበራ! አማትሽ ግን በጠፋ ቁጥር ያውቃሉ። በምን ያውቃሉ? ዓይናቸው ሳይከደን ስለሚነጋ ነው። ባላቸውን ቀብረው ሰው ቤት የገቡ ሴት ናቸው። አንቺ ይህን «አባባ ካረፉ ጀምሮ» ብለሽ በሦስት ቃል አልፈሽዋል። ስለ ጭዱ እንኳ ከዚያ በላይ ጽፈሻል።

ከአማት ጋር ወግኜ አላውቅም፤ የቆዩ አንባቢዎቼ ይመሰክራሉ። ዛሬ ግን ወግኛለሁ።

ሁለቱ የሞቱበትን ሌሊት ተመልሰሽ አንብቢው። ጋቢው ባዶውን ያደረበት ሌሊት ነው። ዳክዬ ውሃ የማያርሰው ላባው ቅባት ስላለው ነው። ቅባቱን ከጅራቱ ሥር ካለች ዕጢ በመንቁሩ እየወሰደ ሰውነቱን ይቀባል። የአንድ ሳምንት ጫጩት ግን ገና ላባ እንኳ የለውም፤ የለበሰው ጥጥ የመሰለ ነገር ነው። እናት ካለችው ከውሃ ሲወጣ ክንፏ ሥር ገብቶ ይደርቃል፣ ይሞቃል። የአንቺዎቹ እናት የላቸውም። ርሰው ካርቶን ገቡ፣ አምፖሉ ጠፋ፣ አለቀ። በመጀመሪያው ሳምንት 32 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀኑ ቢያቃጥልም የሌሊቱን ነገር ለአንቺ አልነግርሽም። የሰው ገላ 37 ዲግሪ ነው። ሒሳቡን ሥሪው። እናቴ የቀዘቀዘ የዶሮ ጫጩት ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ወጥ ትሠራ ነበር። ቪዲዮ ያሳያት የለም።

ጣባውም ልክ ነው። ዳክዬ ምግብ የሚወርድለት በውሃ ነው፤ አፍንጫውንና ዓይኑንም ነክሮ መታጠብ አለበት። የዶሮ ማጠጫ ለዚህ ይጠብበታል። ድንጋዩ የተደረደረው ገብተው እንዳይሰጥሙ ነው። ጋዜጣ ደግሞ ያንሸራትታል፣ እግር ያበላሻል። ሳፋውን ላባቸው እስኪሞላ፣ ሰባት ስምንት ሳምንት እስኪሆናቸው ድረስ እርሺው።

ከሁሉ ያስቆጣሽኝ «ያው ትድናለች» ያልሽው ነው። ዝም ካልሻት አትድንም። የዳክዬ ጫጩት ኒያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ከዶሮ ጫጩት እጥፍ ገደማ ይፈልጋል። የዶሮ መኖ ብቻ ሲበላ ጉልበቱ ያብጣል፣ እግሩ ይጎብጣል፣ በመጨረሻም መነሳት ያቅተዋል። የአንቺዋ ምልክት ይህንኑ ይመስላል። የእንስሳት ሐኪም ያያት፣ በውሃ የሚበጠበጥ ቫይታሚን ቢ ኮምፕሌክስም ጠይቂው፤ ኒያሲን እዚያ ውስጥ አለ። ሌላው መድኃኒት እዚያው ከተማሽ ውስጥ አለ። ዓሣ ኒያሲን ሞልቶታል። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ወርደሽ ትንሽ ቆሮሶ ዓሣ ግዢ፣ ያለ ጨው ቀቅለሽ፣ እሾኹን ለቅመሽ ከመኖው ጋር ደባልቂላቸው። ለአራቱም ስጪ፤ የቀሩት ሦስቱ እስኪያነክሱ አትጠብቂ።

አማትሽንም አንድ ነገር እላቸዋለሁ። የዳክዬ ኩስ ሳልሞኔላ የሚባል ሰው የሚያሳምም ጀርም ሊይዝ ይችላል። ጫጩት የነካ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ የልጅሽም ጭምር።

የጋቢሽ ነገር ግን አንጀቴን በልቶታል። እናት የፈተለችው ነገር በኩስ ሲበላሽ ማየት ያማል፤ ማልቀስሽም አይፈረድበትም። አጥበሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊበት። በምትኩ ወፈር ያለ አሮጌ ብርድ ልብስ ፈልጊና ዛሬ ማታ ራስሽ ወስደሽ ጭናቸው ላይ አንጥፊላቸው። ስለ ሳፋው ይቅርታ መጠየቅ ከከበደሽ እሱ ይበቃል፣ ይገባቸዋል።

አዲስ አበባ ይሂዱ ወይ ላልሽው፣ አይሂዱ። ዳክዬዎቹም አይሰጡ። ባለቤትሽ ግን ካርቶን ይዞ መጥቶ «ቻያት» ብሎ መተኛቱ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ እሱም ይነሳ፣ ከእናቱ አጠገብ ይቀመጥ። በስምንት ወር ውስጥ አንድም ሌሊት አብሯቸው የነቃ አልመሰለኝም።

ዓሣውን ነገ ሳይሆን ዛሬ። እሾኹን አማትሽ ይልቀሙልሽ። ዓይናቸው ከደከመ አብረሽ ቁጭ በዪና ልቀሚ።