ጎማ ከተበሳ በኋላ፦ ለዕለት ምልልስ የሚሆን የሞተር ሳይክል ጎማ ስለ መምረጥ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በየቀኑ በሞተር ሳይክል ከሚመላለሱ አባሎቻችን የአንዱ የኋላ ጎማ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው በሐረጎ ዳገት ላይ በሚስማር ተበስቶ ካቆመው ወዲህ፣ «ላስለጥፈው ወይስ ልቀይረው? ብቀይረውስ የቱን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ከየአቅጣጫው መጥቷል። በሞተር ሳይክል ጥገናና መለዋወጫ ሥራ ረጅም ዘመን የቆዩ አባላችን ጥያቄዎቹን በአንድነት ለመመለስ ፈቃደኛ ሆነዋል።

መልስ ሰጪው፦ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስትጠይቁ የሞተሩን ዓይነት፣ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን መጠን፣ እንዲሁም ቸርኬው ራጂ (ቀጫጭን የብረት ዘንጎች) ያለው ወይም ድፍን መሆኑን ጻፉልኝ። ያለ እነዚህ የምሰጠው መልስ ግምት ነው፤ በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በግምት የተገዛ ጎማ ሰው ይጥላል።

ጥያቄ (ከሸዋ በር)፦ ጋሼ፣ ሞተሬ ቦክሰር ነው፤ የኋላ ጎማው 3.00-17፣ ቸርኬው ራጂ ያለው ነው። ሚስማር ወግቶት አስለጠፍሁት፤ በማግሥቱ ተነፍሶ አደረ። እንደገና ባስለጥፈውም ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ጎማውን ልቀይር?

መልስ፦ እንዲህ ተሟልቶ የተጻፈ ጥያቄ መልሱን ያቀላል። ከመነዳሪው (ጎማው ውስጥ ነፋሱን የሚይዘው ላስቲክ) በተለጠፈ ቁጥር እንደገና የሚበሳ ከሆነ መንስኤው ብዙ ጊዜ ጎማው ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ሚስማሩ ሲነቀል ጫፉ ተሰብሮ ሊቀር ይችላል፤ ወይም ቀደም ሲል ሳይታይ የገባ የሽቦ ቁራጭ ይኖራል። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ሲያገኝ፣ ቫልቮላውን (ነፋስ የሚሞላበትን ጫፍ) መነሻ አድርጎ ቀዳዳው በጎማው ላይ የት እንደሚውል እንዲያሳይህ ጠይቀው። ከዚያም ጨርቅ ይዘህ የጎማውን ውስጠኛ ገጽ ዙሪያውን ቀስ ብለህ ዳስስ፤ በባዶ ጣት አታድርገው፣ ይቆርጥሃል። ጨርቁን የሚይዝብህ ቦታ ስለቱ ያለበት ነው። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ የራጂ ጫፍ ወጥቷል፣ ወይም ራጂውን የሚሸፍነው የላስቲክ ቀበቶ ተቀዷል። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ካየህ ደግሞ ከመነዳሪው በጎማ መፍቻ ብረት ተቆንጥጧል፣ አለዚያም ነፋሱ አንሶ ሳለ ጉድጓድ ላይ ተጨፍልቋል።

መበሳቱ ብቻውን ጎማ አያስቀይርም። የሚያስቀይረው በተከፈተ ጊዜ የሚታየው ነገር ነው። ተነፍሶ ሳለ እየነዳኸው ከሄድህ የጎኑ ውስጠኛ ገጽ ተፍቆ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ከውስጥ ይረግፋል፤ ያ ጎማ ከውጭ አዲስ ቢመስልም አልቋል። ክሩ ከታየ፣ ጎኑ ከተቀደደ፣ ዙሪያው በጥቃቅን ስንጥቆች ከተሞላ፣ ወይም ጥርሱ በቦዮቹ ውስጥ ካለችው ጉብታ እኩል ከሆነ ይቀየር። ያቺ ጉብታ በሞተር ሳይክል ጎማ ብዙ ጊዜ 0.8 ሚሊ ሜትር ከፍታ አላት፤ እኔ ግን በእኛ ክረምት 2 ሚሊ ሜትር ሲቀር ቀይሩ ብዬ እመክራለሁ፤ ቦዩ ከዚያ ሲያንስ ውሃውን ከጎማው ሥር አያስወጣምና።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የትኛው ጎማ ይሻላል?

መልስ፦ ለየትኛው ሞተር? ለየትኛው መንገድ? በምን መጠን? ከላይ የለመንሁትን አንብቡ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ መኖሪያዬ ደሴ ሆጤ ነው፤ የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው፤ በየቀኑ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ሞተሬ ቦክሰር፣ የፊቱ 2.75-17፣ የኋላው 3.00-17፣ ቸርኬው ባለ ራጂ ነው። ሻጩ «ሰፋ ያለ ብትገጥም መሬት ይይዛል» ብሎ 100/90-17 አሳየኝ። ልግዛው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ቁጥሮቹን እንረዳ። 3.00-17 ማለት ጎማው ወደ 3 ኢንች ይሰፋል፣ የሚገጠመውም 17 ኢንች ቸርኬ ላይ ነው ማለት ነው። 100/90-17 ደግሞ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታው የስፋቱ 90 በመቶ ነው። ሁለቱም 17 ቸርኬ ላይ ይገባሉ፤ መግባት ግን መስማማት አይደለም። ጠባብ ቸርኬ ላይ የተጫነ ሰፊ ጎማ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይጨመቁና ቅርጹ ይሾላል፤ ኩርባ ላይ ስታጋድለው ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይቀንሳል። ከሰንሰለቱ ወይም ከጭቃ መከላከያው ጋር ሊፋተግም ይችላል። አንዳንድ ሞተሮች ከፋብሪካ በሰፊው ጎማ ይወጣሉ፤ የአንተ በ3.00 ከወጣ በ3.00 ይቆይ።

ከመጠኑ ቀጥሎ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል አለ፤ ለምሳሌ 50 እና «ፒ»። 50 ጎማው 190 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ «ፒ» በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር እንደሚችል ይናገራል። ፍጥነቱ እኛን አያሳስበንም፤ ሸክሙ ግን ያሳስበናል፤ ሰው አፈናጥጦ፣ ከኋላው ጆንያ አስሮ ሐረጎን የሚወጣ ሰው በ41 ጎማ፣ ማለትም 145 ኪሎ ግራም ብቻ በሚሸከም ጎማ ሊሄድ አይገባውም። ከፋብሪካው ከወጣው ቁጥር በታች አትውረዱ።

ጥያቄ (ከቧንቧ ውሃ)፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሻጩ «የ2016 ምርት ነው፣ ገና ትኩስ ነው» ብሎኝ ጎማ ገዛሁ። ጎኑ ላይ 4016 ይላል። ግን አንዳንድ ቦታ ተሰነጣጥቋል። አዲስ ጎማ ይሰነጠቃል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ ሁላችሁም በጥሞና አንብቡት። «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሕፈት መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩናል፤ ዓመቱም የሚቆጠረው በአውሮፓውያን ነው። 4016 ማለት የ2016 አርባኛ ሳምንት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2009 መገባደጃ ላይ ይውላል። ስለዚህ ትኩስ የተባለልህ ጎማ የተሠራው ሻጩ ከነገረህ ዓመት ሰባት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። የእኛና የእነርሱ ቁጥር መቀራረቡ ብዙ ሰው ያሳስታል። አንዳንዱ ሻጭም ራሱ ተሳስቶ ነው የሚያሳስተው፤ ሌላው ግን እያወቀ ነው፤ ይህ በሰው ነፍስ መነገድ ነው።

ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይ ላይ በተሰቀለበት ይደርቃል፣ ይጠነክራል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ እርጥብ አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። በጣት ጥፍር ጫን ስትለው ጥቂት እሺ የማይል ጎማ አትግዙ። ከአምስት ዓመት በላይ የሆነውን እኔ ለማንም አልገጥምም። ቁጥሩ በአንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ጎማውን አገላብጡት፤ «ቁጥሩ ጠፍቷል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ጥያቄ (ከገራዶ)፦ የቱ ብራንድ ነው አሪፉ?

መልስ፦ ይህ ከፒያሳው ጥያቄ በምን ይለያል? ስሙ የታወቀ የሕንድ ጎማ፣ ኤምአርኤፍም ሆነ ሲኤት ወይም ቲቪኤስ፣ ትኩስ ምርት ከሆነና መጠኑ ከተስማማ ለእኛ ምልልስ ይበቃል። ስሙ የታወቀ ያረጀ ጎማ ግን ያረጀ ጎማ ነው። መጠን፣ የሸክም ቁጥር፣ የምርት ቀን፤ ብራንድ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ)፦ ጥርሱ ትልልቅ የሆነው፣ የገጠር የሚባለው ጎማ ለክረምት አይሻልም? ጭቃውን ይነክሳል ይላሉ።

መልስ፦ ጭቃውን ይነክሳል፤ አስፋልቱን ግን አይነክስም። የተራራቁ ትልልቅ ጥርሶች አስፋልት የሚነኩት በጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ጥርሶቹ ይታጠፋሉ፣ መቆሚያውም ርቀት ይረዝማል። ዝናብ በነካው ኮብልስቶን ላይ ይብሳል።

አንድ አባል (ከኩታበር)፦ ከእርስዎ ጋር አልስማማም። እኔ በያማሃ ዲቲ ከአስፋልቱ ወጥቼ ወደ ቀበሌዎች እገባለሁ። በአስፋልት ጎማ ብሄድ ሐምሌ ላይ ከጭቃው አልወጣም።

ሌላ አባል (ከኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ፣ ጥያቄው ስለ ዕለት ምልልስ ነው። ሐረጎን በዚያ ጎማ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ኩርባው ላይ ከሥርህ የሚሸሽ ይመስላል።

ከኩታበር፦ የሚሸሸው ፍሬን ስለምታበዙ ነው። እኔ ማርሹን ዜሮ አድርጌ ቀስ ብዬ ነው የምወርደው፤ ቤንዚንም ይቆጥባል።

ከኮምቦልቻ፦ ዜሮ አድርገህ? ጉም ባለበት፣ ከባድ መኪና ከፊት ከኋላ እየሄደ?

ከኩታበር፦ ቤንዚን ስንት ሰዓት ተሰልፈን እንደምንቀዳ እያወቅህ…

መልስ፦ የቤንዚኑን ነገር እዚህ አቁሙት። ማርሽ ዜሮ አድርጎ ሐረጎን መውረድ ግን ዝም ብዬ የማልፈው አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ላይ ናቸው፤ ይህን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ስትወርዱ ሞተሩ በማርሽ ካልያዘላችሁ ሸክሙ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ ይግላል፣ መያዙ ይደክማል፣ በድንጋጤ ሲረገጥ የኋላ ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል። የትኛውም ጎማ ከዚህ አያድንም። በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ። የኩታበሩ ወንድሜ በጭቃው ጉዳይ እውነት አለው፤ ሥራው ከአስፋልት ውጭ የሆነ ሰው የገጠር ጎማ ያስፈልገዋል። ግማሽ በግማሽ ለሚሄድ ሰው ጥርሱ ተቀራርቦ መካከሉ የተያያዘ ጎማ አለ፤ እሱን ይግጠም። ከአስፋልት የማይወጣ የደሴና የኮምቦልቻ ሠራተኛ ግን የአስፋልት ጎማ ይግዛ።

ጥያቄ (ከሙጋድ)፦ እኔ ሴት ነጂ ነኝ፤ ቲቪኤስ 125፣ የኋላው 3.00-17፣ የፊቱ 2.75-17። የተበሳው የኋላው ነው። የፊቱ ጥርሱ ገና ስለሆነ የኋላውን ብቻ ብቀይር ይበቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ የፊቱ መቼ እንደ ተገዛ ቀኑን አንብቢ። የኋላ ጎማ ኃይሉን ስለሚሸከም ቶሎ ያልቃል፤ የፊቱ ቀስ ብሎ ስለሚያልቅ ሁለት የኋላ ጎማ እስኪቀየር ይረሳል፣ እዚያው ላይ ይደርቃል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዢ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው ያ የተረሳው ጎማ ነው። የኋላው ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ መመለስ ይቻላል፤ የፊቱ ሲንሸራተት ግን ወዲያው መሬት ላይ ነሽ። የፊቱ ጥፍር የማይገባው ከሆነ፣ ገንዘቡም ለአንድ ብቻ ከበቃሽ፣ የኋላውን ከመነዳሪ ቀይረሽ አዲሱን ጎማ ለፊት ግዢ። ይህን የምልሽ ግን የኋላው ተከፍቶ ከላይ የዘረዘርኋቸው ምልክቶች ካልታዩበት ብቻ ነው። የኋላ ጎማ ለፊት፣ የፊቱን ለኋላ መግጠም አይሆንም። ጎኑ ላይ ያለችው ቀስት ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር የሚዞርበትን አቅጣጫ ታሳያለች፤ ገጥመው ሲጨርሱ እሷን ሳታዪ አትክፈዪ።

ጥያቄ (ከአይጠየፍ)፦ ጎማ ሲቀየር ከመነዳሪውም ይቀየር?

መልስ፦ ይቀየር። አሮጌው ተለጥጦ ሰፍቷል፤ አዲስ ጎማ ውስጥ ይታጠፋል፣ በታጠፈበትም ይቀደዳል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ቲዩብለስ (ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ) ጎማ ገዝቼ ከመነዳሪውን ባወጣውስ? ቸርኬዬ ራጂ ያለው ነው።

መልስ፦ አይሆንም፤ በራጂዎቹ ቀዳዳ ነፋሱ ይወጣል። ቲዩብለስ የሚሆነው ለዚያ ተብሎ በተሠራ ድፍን ቸርኬ ላይ ነው። ድፍን ያላችሁ ሰዎች ሚስማር ሲወጋችሁ ነቅላችሁ አትጣሉ፤ ሚስማሩ ራሱ ቀዳዳውን ይዞ ቀስ ብላችሁ ጎሚስታ ጋር ልታደርሱት ትችላላችሁ። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ከሰፋ ወይም ጎኑ ላይ ከሆነ አይጠገንም።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ጎማ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ መድፈኛ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለመድረሻ ያህል ይሆናል። ከመነዳሪ ውስጥ ከገባ በኋላ ማስለጠፍ ያስቸግራል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ ዛሬ የጻፍሁት ነገ አይገኝም። ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ነፋስ የማስሞላው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ስወጣ ከፍታው ስለሚጨምር ጎማው ይነፋል የሚባለው እውነት ነውን? ልቀንስ?

መልስ፦ መልካም ጥያቄ ነው፤ ግማሹ እውነት ነው። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ባለው ግፊትና በውጭው አየር ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ደሴ ላይ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ወደ 1 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ) የሚጠጋ ጭማሪ ያሳያል። ነገር ግን ደሴ ከኮምቦልቻ ትቀዘቅዛለች፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ በጎማው ያለው ግፊት 1 ተኩል ፒኤስአይ ያህል ይወርዳል። አንዱ ሌላውን ያጣፋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ እንዲያውም ቀንሶ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ከፍታውን ብለህ አትቀንስ።

ትልቁ ስሕተት ሌላ ነው። ሐረጎን ወጥተው፣ ጎማው ግሎ ሳለ የሚለኩ ሰዎች «በዛ» ብለው ያስተነፍሱታል፤ በማግሥቱ ማለዳ ሲወርዱ ጎማው ልል ይሆናል። ጠዋት ሳይነዳ ለኩ። ለቦክሰርና ለመሰሎቹ ብዙ ጊዜ የፊቱ 25፣ የኋላው ለብቻ 28፣ ሰው ሲፈናጠጥ 32 ፒኤስአይ ነው፤ በሞተሩ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ካለ ግን እሱን ያዙ። ልል ጎማ ፍሬን ሲያዝ ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ከመነዳሪውን ይጎትታል፤ ቫልቮላው ጋደል ብሎ ካያችሁት ሳይቀደድ ፈትታችሁ አስተካክሉት።

ጥያቄ (ከሮቢት)፦ ዝናብ ሲሆን ነፋስ ቀንስ ይባላል፤ ልቀንስ?

መልስ፦ አትቀንስ። ልል ጎማ ቦዮቹ ይጠባሉ፣ ውሃ አያስወጣም። አሁን ከዚህ በላይ ያለውን መልስ አንብብ።

ጥያቄ (ከገራዶ)፦ እሺ ጋሼ፣ ሞተሬ ቦክሰር፣ የኋላው 3.00-17፣ ባለ ራጂ፣ ከአስፋልት አልወጣም። የምርት ቀኑን አይቼ አዲስ ገዝቻለሁ። ዛሬ ሐረጎን ልውረድበት?

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ጠየቅህ። ዛሬ አትውረድበት። አዲስ ጎማ ላይኛው ገጹ ልሙጥ ነው፤ እስኪፈገፈግ ድረስ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ ንዳው። በከተማው ውስጥ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ጀምር፤ ፍሬን ቀድመህ በልስላሴ ያዝ፤ ኩርባ ላይ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልህ አጋድለው። ይፍጠንልኝ ብለህ በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍገው፤ በቤንዚንም አትጠበው፣ ላስቲኩን ያበላሻል። ጎሚስታው ከገጠመው በማግሥቱ ጠዋት ነፋሱን እንደገና ለካ፣ ቫልቮላው ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ የኋላው ዘንግ ብሎን መጥበቁንና የሰንሰለቱን ውጥረት ተመልከት።