የቮልስን ሞተር ግቢ ውስጥ ማደስ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ ቮልስ ሞተር የሚጠይቀኝ ሰው በዛ፤ ስለዚህ የመጣውን ሁሉ እዚሁ ልመልስ። የማወራው በአየር ስለሚቀዘቅዘው የድሮው ቢትል ሞተር ነው።

ጥያቄ፦ 1300 ቮልስ አለኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። መካኒኩ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ለክቶ 95 ፒኤስአይ አገኘና "ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ" አለኝ። ላውርደው?

ቆይ ወንድሜ፣ አትቸኩል። መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባህር ጠረፍ የወጣ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት እዚህ ከጠረፉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ጌጁም ዝቅ ይላል። ጠረፍ ላይ 125 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 95 ቢያሳይ ትክክል ነው። ስንት ጤነኛ ሞተር በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ተፈታ! እኔ የማየው የአራቱን ሲሊንደሮች ልዩነት ነው። ሁሉም 90 እና 95 መካከል ከሆኑ ቫልቩን አስተካክለህ ንዳው። ሦስቱ 95 ሆነው አንዱ 60 ካሳየ ግን ነገር አለ። ስትለካ ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የነዳጁ ፔዳል እስከ መጨረሻ ይረገጥ። አለዚያ ልኬቱ ውሸት ነው።

ጥያቄ፦ ልገዛ ያሰብኩት ቮልስ አለ። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት የማውቅበት መንገድ አለ?

አለ እህቴ፣ መሣሪያም አይፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ያለበትን የታችኛውን ፑሊ በሁለት እጅ ያዢና ወደ ራስሽ ሳቢው፣ ከዚያ መልሰሽ ግፊው። ምንም ካልተሰማሽ ጥሩ ነው። "ቀጭ፣ ቀጭ" ካለ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው። የሚፈቀደው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል። ከዚያ ካለፈ ብዙ ጊዜ የተበላው ብሮንዙ (ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት) ብቻ ሳይሆን ብሮንዙ የሚቀመጥበት ብሎክ ራሱ ነው። ብሎኩ በቀላል ብረት የተሠራ ነው፣ ቶሎ ይበላል። የቮልስ ሞተር ዕጣ የሚወሰነው ብሎኩ ላይ ነው፤ ፒስተኑም ቴስታታውም (የሲሊንደሩ ክዳን) ይቀየራል። ባለቤቱ "ሞተሩ ንጹህ ነው" ቢልሽም ፑሊውን ሳትስቢ ብር እንዳታወጪ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜ አለኝ። ብቻዬን ማውረድ እችላለሁ?

መፍታቱን ይችላሉ ጋሼ፣ ማውረዱን ግን ሰው ይጨምሩ። ከካምቢዮ ጋር የሚያያይዙት አራት ቦታዎች ናቸው፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች። ክብደቱ ግን ከ100 ኪሎ ያልፋል። ባትሪውን ይንቀሉ፣ የቤንዚኑን ጎማ ይዝጉ፣ የነዳጁን ገመድና ሽቦዎቹን ያላቁ፣ ከዚያ ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ይሳቡት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር በምንም ምክንያት አይግቡ፣ ጠንካራ ድጋፍ ያድርጉ። ከሁሉ የሚያስቸግርዎት የፍላይዊሉ (ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት) ባለ 36 ሚሊ ሜትር ዳዶ ነው። የሚጠብቀው በ30 ኪሎ ግራም ሜትር ነው፤ 60 ኪሎ ሰው ግማሽ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲጥል ማለት ነው። ሲመለስም እንደዚያው መጥበቅ አለበት። ከላላ ፍላይዊሉን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበቱን) ብቻ ብቀይርስ?

ሲሊንደሩ ከተበላ አዲስ ፋሻ አያድነውም። የቮልስ ደግነቱ ሲሊንደሩ ለብቻው ተስቦ የሚወጣ መሆኑ ነው፣ ፒስተንና ሲሊንደር አራቱም በአንድ ስብስብ ይሸጣሉ። ከመግጠምህ በፊት ፒስተኖቹን በሚዛን መዝን፣ ልዩነታቸው ከ10 ግራም አይብለጥ። ፒስተኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፍላይዊል ይዙር።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከጀርመን ሊመጣ ነው። ምን ላስመጣ?

መጀመሪያ ክራንክሻፍቱን ቶርኖ ቤት ወስደህ አስለካ። ተሞርዶ ከሆነ ብሮንዙ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የወፈረ መሆን አለበት፤ ሳትለካ ካዘዝክ አጎትህ የማይገጥም ዕቃ ይዞ ይመጣል። ብሮንዝ፣ ጋስኬትና የዘይት ጎማዎች ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። መኪናው ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ሲመረት ስለነበር አዲስ ዕቃ አልጠፋም። ቆርቆሮዎቹን ግን ሶማሌ ተራ ፈልግ፣ የድሮው ቆርቆሮ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የትኛው ቆርቆሮ? የኔ ተሠርቶ ከወጣ ጀምሮ ይሞቃል፣ መካኒኩ "ትርፍ ነው" ብሎ የጣለው ቆርቆሮ ነበር።

ትርፍ የሚባል ቆርቆሮ የለም! ይሄ ነገር ያናድደኛል። ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም፣ ውሃው አየር ነው። ቬንትሌተሩ የሚነፋው አየር በየሲሊንደሩ ክንፎች መሃል የሚያልፈው ቆርቆሮዎቹ ስለሚመሩት ነው። አንዱ ሲጎድል፣ ወይም በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ሲቀደድ፣ ከታች የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይሳባል። በድሮዎቹ ሞተሮች ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚጋርድበት ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። የጎደለውን ሁሉ መልስ፣ ከዚያ ስለሌላው እናወራለን።

ጥያቄ፦ በሁለቱ የብሎክ ግማሾች መሃል ምን ልቀባ?

ስስ ማሸጊያ፣ በጣም ጥቂት። ወፍራም ሲሊኮን ተቆርጦ የዘይት መንገድ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ታድሶ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ሳስነሳው ምን ላድርግ?

ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ጨምር። ካንዴላዎቹን አውጥተህ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በስታርተር አዙረው። የቫልቮቹን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አድርግ። ሲነሳ በሚኒሞ አታቁመው፣ በተለይ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አዲስ ከሆነ 2,000 ዙር አካባቢ ለ20 ደቂቃ ያዘው። 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን ቀይር፣ ወንፊቱን እጠብ፣ ቫልቩን ድገም።

ጥያቄ፦ የካርቡራቶሩን ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ለአዲስ አበባ ላሳንሰው?

በትንሹ ይቻላል፣ ቤንዚን ይቆጥብልሃል። ግን አዋሽ የምትወርድ ከሆነ ተጠንቀቅ። እዚያ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ይግላል። ቆላ የምትመላለስ ከሆነ የፋብሪካውን ተወው።